ስፒከሯ ዝም ካለች ጀምሮ አባዬም ዝም ብሏል

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ሰላም የዓምዱ አዘጋጆች። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከባሌና ከሁለት ልጆቼ ጋር፣ አባቴና እናቴም አሁን እኛ ጋ ናቸው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ የዓይን ግፊት ይዞት አሁን ብርሃንና ጥላ ቢለይ ነው እንጂ የሰው ፊት አያይም። ቨርጂኒያ ያለችው ታላቅ እህቴ ስታናግራት የምትመልስ ስፒከር በሰው ላከችለት። መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን፣ እሱ ግን ትልቋ ልጄ ጥቂት እንግሊዝኛ አስጠናችውና ሰዓት ይጠይቃታል፣ ሙዚቃ ያስከፍታታል፣ የፈረንጁን ሰዓት ስድስት እየቀነሰ ወደኛ መመለስ ሁሉ ለምዶ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ደሞ የዓይን ጠብታውን ታስታውሰዋለች። እህቴም እሱ የሚላትን ሁሉ ስልኳ ላይ ስለሚመጣላት ጠዋት ጠዋት እሱን እያየች ትስቅ ነበር።

ከዛ አንድ ቀን ዝም አለች። ስሟን ሲጠራት መብራቷ ይበራል፣ ‹ሶሪ› ብላ የሆነ ነገር ተናግራ ትዘጋለች። ባሌ ዋይፋዩን ነቅሎ ሰካ፣ አልሆነም፣ ከዛ ዩቲዩብ ላይ አይቶ ሪሴት አደረጋት። ሲኤምሲ ያለች ጓደኛዬ የሷም እንደዛው ሆና እንደነበርና ማታውን ራሷ እንደተነሳች ነገረችኝ፣ የኛ ግን እስካሁን አካውንት አስገቡ ነው የምትለው፣ አካውንቱ ያለው እህቴ ጋ ነው። እህቴ ደሞ የዛኑ ቀን ደውላ ‹ኢንተርኔት አልከፈላችሁም አይደል፣ የምልከው ብር የት ነው የሚገባው› አለችኝ። እኔም ‹ዕቃ ከምትልኪ መጥተሽ አንድ ሳምንት አስታሚው› አልኳት። ከዛ ወዲህ አልተደዋወልንም። እማዬ ‹እሰይ፣ ያቺ ሴትዮ ወጣችልኝ› ትላለች። አባዬ ‹ተዉት፣ አልፈልጋትም› ብሎ ክፍሉ ይውላል፣ ጠብታውን የሚረሳበት ቀንም በዝቷል። በቀደም ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ግን በሩ ጋ ሰማሁት፣ ለብቻው ‹ዋት ታይም ኢዝ ኢት› እያለ ይደጋግማል፣ ቀስ አድርጎ። ዕቃዋ እኮ ተነቅላለች። ምን ላርግ? ልሽጣት? ሌላ ልግዛለት? ወይስ ቀድሜ እህቴን ይቅርታ ልበላት? ከኮዬ ፈጬ።»

መልስ፦

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ የባልሽን ወንድም ጉዳይ ለሌላ ጊዜ እናቆየው፣ እሱ ራሱን ችሎ አንድ ሙሉ ዓምድ ይወጣዋል።

አትሽጫት። ሌላም አትግዢ። ስፒከሯ ምንም አልሆነችም። መልሱን አንቺው ጽፈሽዋል እኮ፣ የጓደኛሽ ማታውን ተነስታለች። ሰርቪሱ ከተመለሰ ቆይቷል ማለት ነው፣ የቀረው የናንተ ቤት ብቻ ነው፣ የቀረበትም ምክንያት አንድ ፓስዎርድ ነው፣ ፓስዎርዱ ደሞ ያለው ያኮረፍሻት እህትሽ ጋ ነው። አባትሽ አሁን ያለ ሰዓት ያለ ሙዚቃ ቁጭ ያሉት የባህር ማዶ ኮምፒውተር ስለተበላሸ ሳይሆን ሁለት ልጆቻቸው ስለተኮራረፉ ነው። ከበድ እንደሚል አውቃለሁ፣ ግን አንቺም ሳትጠረጥሪው አልቀረሽም፣ አለዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ አትጠይቂኝም ነበር።

ወደ እህትሽ እንመጣለን። ከሷ በፊት ግን ዛሬውኑ፣ ይሄን አንብበሽ እንደጨረስሽ፣ አባትሽ ክፍል ግቢና ጥፋቱ የሳቸው አፍ እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ሌሊት የሰማሽው እኮ ሌላ ትርጉም የለውም። ሰውየው በዚህ ዕድሜያቸው ከልጅ ልጃቸው ተምረው በባዕድ ቋንቋ ማዘዝ የቻሉ ሰው ናቸው፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲጠሯት ‹ሶሪ፣ አልገባኝም› የሚል ነገር መለሰችላቸው፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታስቢያለሽ? አነጋገሬ ተበላሸ፣ ምላሴ ተሳሰረ፣ አረጀሁ ነው የምትዪው። እነዚህ ዕቃዎች አንዱ ክፉ ጠባያቸው ይሄ ነው፣ ችግሩ የራሳቸው ሆኖ ሳለ ያዘዛቸውን ሰው የተሳሳተ ያስመስሉታል። ‹አልፈልጋትም› ያሉት የዛሬ ልጆች ‹ብሎክ አረግኳት› እንደሚሉት ነው፣ ጨክነው አይደለም፣ ሆድ ብሷቸው ነው። እና እናንተ ዝም ባላችሁ ቁጥር እሳቸው ጥፋቱን ወደራሳቸው እየወሰዱ ነው፣ ይሄ ከጠብታው ቀጥሎ የሚያስፈራኝ ነገር ነው።

ስትነግሪያቸው ‹አይ አባዬ የኔትወርክ ጉዳይ ነው› ብለሽ አትለፊው። የኔትወርክ ጉዳይ የምንለው ነገር ሁላችንም ሰው ለማስተኛት ስለምንጠቀምበት ማንም አያምነውም። በደንብ አስረጂያቸው፣ ደሞ አባትሽን ለማስረዳት ከማንም በላይ ዕድለኛ ነሽ፣ የጅቡቲን መስመር የነዱ ሰው ናቸው። ስፒከሯ ራሷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የገዛ ስሟን። ስሟን ስትሰማ ትነቃለች፣ ከዛ በኋላ ያሏትን ነገር ራሷ አትፈታውም፣ ድምፃቸውን ቀድታ ትልከዋለች። ከኮዬ ፈጬ ይነሳል፣ እኛ ባህር በር ስለሌለን አብዛኛውን ጊዜ በጅቡቲ ነው የሚወጣው፣ ከዛ ቀይ ባህር ውስጥ በተዘረጋ ኬብል ገብቶ ይሄዳል፣ ኩባንያው ኮምፒውተሮቹን ያከማቸበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይቀየራል፣ ምን እንደተፈለገ ይታሰባል፣ መልሱ ተዘጋጅቶ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው ምራቃቸውን ሳይውጡ ነው። አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ እያሉ ስንት ቀን የፈጀባቸውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይሄን ንገሪውና ፊቱን እዪ፣ እንደውም እሳቸው ናቸው ቀጥለው የሚጠይቁሽ፣ ‹ታዲያ የቱ ጋ ነው የተዘጋው?› ይሉሻል።

የቱም ጋ ሊዘጋ ይችላል ነው መልሱ። መብራት ይጠፋል፣ ያን እናንተ ሰፈር ላለ ሰው ማስረዳት የለብኝም። ዋይፋዩ ይቆማል። ባህር ውስጥ ያለው ኬብል ይቆረጣል፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም ቀይ ባህር ውስጥ ኬብሎች ተቆርጠው የእስያና የአፍሪካ ኢንተርኔት ተንገዳግዷል። ወይ ደሞ መንገዱ በሙሉ ሰላም ሆኖ መድረሻው ላይ ያለው ቤት ይዘጋል። ሰርቪስ ተቋረጠ የሚባለው ይሄኛው ነው፣ ከጓደኛሽ ታሪክ ተነስቼ የናንተም ይሄው ይመስለኛል፣ ሁለት ሰፈር ባንዴ ዝም ካለ ችግሩ የናንተ ሶኬት አይደለም።

ስፒከሯ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነችና ቀኑን አልጻፍሽልኝም፣ ግን ዓለም በሙሉ ያወራለትን አንዱን ልንገርሽ። ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 20 ቀን 2025፣ በኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል አማዞን ለሌሎች ኩባንያዎች የሚያከራየው የኮምፒውተር አገልግሎት ወደቀ። የአማዞን ስፒከሮች ውስጥ የምትናገረው አሌክሳ ዝም አለች፣ ስናፕቻት ቆመ፣ ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ቆመ፣ ሪንግ የሚባለው የበር ካሜራ ቆመ፣ እንግሊዝ አገር ሎይድስ ባንክ ሳይቀር ተነካ። ምክንያቱ ምን እንደነበር ስትሰሚ ትስቂያለሽ። አንድ ትልቅ የመረጃ ቋት አለ፣ አድራሻውን የሚጽፉ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሁለቱ እኩል ሲጽፉ ተጋጩና አንዱ የሌላውን ሰርዞ አድራሻው ባዶ ሆኖ ቀረ። ቋቱ ደህና ነው፣ አልተቃጠለም አልተሰበረም፣ ግን የሚያገኘው ጠፋ። እናንተ ኮንዶሚኒየም ሁሉም ብሎክ አንድ ዓይነት ነው አይደል? የብሎክ ቁጥሩን በሙሉ ሌሊት ቀለም ቢቀቡበት እንግዳ ቤትሽን አያገኝም፣ አንቺ ግን ቡና አፍልተሽ ቁጭ ብለሻል፣ በቃ እንደዛ ነው የሆነው። ዋናው ስህተት በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ ቢስተካከልም በሱ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ተከታትሎ ስለወደቀ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ 15 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ከዛም በፊት በ2009 ዓ.ም፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 2017፣ እዛው ኩባንያ አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ ሲጽፍ ተሳስቶ ማጥፋት ከሚገባው በላይ ኮምፒውተር አጥፍቶ ብዙ ድረ ገጾችን አስተኝቷል።

እነዚህ ሁለቱም የደረሱት የት ባለው የኮምፒውተር ማዕከል ይመስልሻል? ሰሜን ቨርጂኒያ። እህትሽ ያለችበት ስቴት! ‹ኢንተርኔት አልከፈላችሁም› እያለች የጮኸችብሽ ሴት ምናልባት ወደ ሥራ ስትሄድ በመኪና የምታልፋቸው መስኮት የሌላቸው ትልልቅ ሕንፃዎች አሉ፣ ከዓለም ኢንተርኔት ብዙው እዛ ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ነው የተቀመጠው። ይሄን ለሷ እንደ መልስ እንዳትወረውሪባት ብቻ፣ ስትታረቁ አብራችሁ ትስቁበታላችሁ።

በዛ የጥቅምት ቀን ፈረንጆቹ ምን እንዳደረጉ ማወቅ ደሞ ባልሽን ይቅር ለማለት ይረዳሻል። እዛ ሲጀምር ሌሊት ስለነበር ብዙ ሰው አላርሜ አልጮኸም ብሎ ከሥራ አርፍዷል። መብራት በድምፅ የሚያጠፉ ሰዎች ማብሪያ ማጥፊያው የት ጋ እንደሆነ ፍለጋ ገብተዋል። በኢንተርኔት የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ውድ ፍራሽ የገዙ ሰዎች አሉ፣ አረ እውነቴን ነው፣ ፍራሹ ወይ እንደሞቀ ወይ ጎኑ እንደተነሳ ቀርቶባቸው የኩባንያው ኃላፊ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። (እኛ መብራት ሲጠፋ ሻማ የት እንዳለ ጨለማ ውስጥ እጃችን ያውቃል፣ በዚህ በዚህ እንኳን እንበልጣለን።) ዋናው ነገር ግን ገና ምክንያቱ ሳይታወቅ ሰዉ በሙሉ ያደረገው ባልሽ ያደረገውን ነው፣ ራውተር ነቅሎ መሰካት፣ ዕቃዋን ነቅሎ መሰካት፣ ከዛ ‹ማን ነው የነካት› ብሎ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ማፋጠጥ። ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ መጮህ አይመችም፣ አጠገብሽ ያለ ሰው ላይ ግን ይመቻል፣ ካልሆነም ስልክ የምታነሳ እህት አለች።

ባልሽን ግን አንድ ነገር አስምዪልኝ፣ ከእንግዲህ ሪሴት እንዳይነካ። ነቅሎ መሰካት ምንም አይጎዳም፣ ሪሴት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ዕቃዋን ከፋብሪካ እንደወጣች ያደርጋታል፣ የማንን አካውንት ይዛ እንደነበር፣ የዋይፋዩን ፓስዎርድ፣ ሁሉንም ትረሳለች። ዝም ብትሏት ኖሮ እንደ ጓደኛሽ ማታውን ትነሳ ነበር። ለሌላ ጊዜ ዝም ስትል መጀመሪያ መብራት እንዳለ እዩ፣ ቀጥሎ በዛው ዋይፋይ ስልክ ላይ ቴሌግራም ይከፍት እንደሆነ ሞክሩ፣ ካልከፈተ ችግሩ የናንተ ኢንተርኔት ነው፣ ከከፈተና እሷ ብቻ ካልሠራች ደሞ ሌላ ሰው ጋ ደውሎ የናንተስ ማለት ነው። ስፒከሯ ኢኮ የምትባለው የአማዞኗ ከሆነች ቀይ መብራት ፀጥ ብሎ ከቆመ ማይክ ማጥፊያዋ ተነክቶ ነው፣ ትንሹ ልጅሽን ጠይቂ። ከዛ ውጪ ያለው መጠበቅ ነው፣ ሻይ አፍልታችሁ።

አሁን ጠብታው። እዚህ ላይ አልቀልድም። የዓይን ግፊት የወሰደውን አይመልስም፣ ጠብታው የሚጠብቀው የቀረውን ነው፣ አባትሽ ብርሃንና ጥላ ከለዩ ያቺ የቀረቻቸው ትልቅ ሀብት ናት፣ በር ከመስኮት የሚለዩት በሷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር ባለ ኮምፒውተር ፈቃድ ላይ ብቻ መንጠልጠል ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም፣ ስፒከሯ ሠራችም አልሠራችም። ቤት ውስጥ የተረሳ ባለ ቁልፍ ስልክ አይጠፋም፣ ከሌለም ርካሽ ነው፣ ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት በየቀኑ እንዲጮህ ሙዪለትና ከጠብታው ጋር አንድ ቦታ አስቀምጪው፣ እጃቸው የሚያውቀው ቦታ። በፈረንጅ 7:00 እና 19:00 መሆኑን ብቻ አትርሺ፣ ብዙ ሰው ማታውን ጠዋት ላይ ሞልቶት ይቀራል። ከስልኩ በተጨማሪ ደሞ ሰው ይኑር፣ ማታ ማታ አንቺ ወይ ልጅሽ ‹አባዬ አደረግክ?› የምትል ሰው። ስንት ቀን እንደተዘለለ ደሞ ደብቃችሁ እንዳትቀሩ፣ ለሚከታተላቸው ሐኪም ይነገረው፣ ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ግፊቱ ይለካ። የተዘለለውን ለማካካስ ብለው ደራርበው እንዳይጨምሩ አደራ።

ለሰዓቱና ለወሬውም ሁለተኛ ነገር ይኑራቸው። በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ግዢላቸው። ሸገር 102.1ም ሆነ ፋና 98.1 አማርኛ ነው የሚያወራው፣ ሰዓቱንም በኛው አቆጣጠር ነው የሚናገረው፣ ስድስት መቀነስ የለም፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። ስፒከሯን ይተካል እያልኩሽ አይደለም፣ አይተካም። ሬዲዮ ይነግራቸዋል እንጂ አይጠይቁትም። አባትሽ የወደዱት መጠየቁን ነው። ሰው ሲያስቸግሩ ሳይሰማቸው በቀን ሃያ ጊዜ ሰዓት መጠየቅ መቻሉን። ዓይኑን ያጣ ሰው ትልቁ ጭንቀት ማስቸገር ነው፣ ‹ስንት ሰዓት ነው› ለማለት ሰው ከቡና ላይ መጥራት፣ አሁን ጠይቄ ነበር እንዴ ብሎ መሳቀቅ። ያቺ ዕቃ ደሞ አትሰለችም፣ ‹አሁን ነገርኩህ እኮ› አትልም። እናንተ ስትስቁ እሳቸው ያገኙት ይሄን ነበር። ስለዚህ ነው አትሽጫት ያልኩሽ።

እናትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ‹ያቺ ሴትዮ› ማለታቸው ግን ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። ዕድሜ ልካቸውን ባላቸውን ከጅቡቲ መንገድ ሲጠብቁ የኖሩ ሴት፣ በመጨረሻ ሰውየው ቤት ገቡ ሲባል ሰዓት የሚጠይቁት ሌላ፣ ዘፈን የሚያዙት ሌላ። የምትቀኚው ዕቃ ላይ ነው ወይ ብለሽ አትሳቂባቸው፣ ቤት ውስጥ ለሳቸው የሚመልስላቸው ማን እንደሆነ ብቻ ተመልከቺ። የጠብታውንም ኃላፊነት ‹እንግዲህ አንቺ አለሽ› ብለሽ እንዳትጭኚባቸው፣ እሳቸውም አርጅተዋል። ከፈለጉ ሬዲዮዋን የሚመርጡት እሳቸው ይሁኑ፣ ጣቢያውን የሚቀይሩትም እሳቸው።

እህትሽ ጋ ደረስን። አዎ፣ ቀድመሽ ደውዪ። የመጀመሪያውን ክፉ ቃል የተናገረችው እሷ ናት፣ ብሩን መቁጠሯ ያማል፣ ይገባኛል። እዚህ ሽማግሌ የሚያጥብና የሚያበላ ሰው ላይ ከባህር ማዶ ሆኖ ሂሳብ መጠየቅ ልክ አይደለም፣ ይሄንንም አንድ ቀን ትነግሪያታለሽ። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አልፈሽው የሄድሽውን ዓረፍተ ነገር መልሰሽ አንብቢው፣ አባትሽ የሚሉት ሁሉ ስልኳ ላይ ይመጣላታል፣ ጠዋት ጠዋት ታየዋለች ብለሻል። እሷ እዛ ተነስታ ቡናዋን ሳትጠጣ ‹አባዬ ሰዓት ጠየቀ፣ አባዬ ዘፈን አዘዘ› የሚለውን ነው የምታየው፣ ለሷ ይሄ አባቷ ማደሩን የምታውቅበት ነው። የዛን ቀን ከፈተችው፣ ምንም የለም። ሰው አገር ሆነሽ ከቤት ምንም ሲጠፋ መጀመሪያ የምታስቢው ምንድነው? ስሙን ራስሽ የማትጠሪውን ነገር፣ ሞትን። ከዛ ስትደውል ሁሉም ደህና ነው፣ ድንጋጤዋ የሚሄድበት ሲያጣ ‹ብሩ የት ገባ› ሆኖ ወጣ። እርግጠኛ ነኝ አልልሽም፣ አላውቃትም፣ ግን የስደት ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጡ ፍርሃት አይጠፋም። አንቺ ደሞ ‹መጥተሽ አስታሚው› አልሻት፣ ይቺ ቃል ወረቀት ያልጨረሰ ሰው ላይ፣ ወይ እረፍት ያጣ ሰው ላይ ምን እንደምትሠራ ታውቂያለሽ።

ስትደውዪ በፓስዎርዱ አትጀምሪ። ዕቃሽን አስነሺልን ማለት ጠቡን መልሶ መቀስቀስ ነው። በሌሊቱ ጀምሪ። ‹አባዬ ሌሊት ለብቻው ያቺን እንግሊዝኛውን ሲለማመድ ሰማሁት፣ ከሱ የመጣ ጥፋት መስሎታል› በያት፣ ሌላ አትጨምሪ። ከዛ በኋላ ማን ማንን ይቅርታ እንደሚል የሚያስታውስ የለም። አልቅሳችሁ ስትጨርሱ ያኔ አካውንቱን ጠይቂያት፣ ለአባትሽ ለብቻቸው አዲስ አካውንት ብትከፍትላቸውና ፓስዎርዱ እናንተም ጋ ቢቀመጥ ደሞ ይሻላል፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የቤት ካርታ የምታስቀምጡበት ጋ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ሰው ስልክ እንዳትታሰሩ።

አካውንቱን ስትከፍቱ አንድ ነገር አለ። አባትሽ የሚሉት ሁሉ ለእህትሽ እንደሚደርሳት ያውቃሉ? ማንም የነገራቸው አልመሰለኝም። የአማዞኗ ከሆነች ደሞ ከመጋቢት 2017 ዓ.ም ጀምሮ ድምፄ ወደ ኩባንያው ሳይላክ እዚሁ ቤት ይፈታ ማለት የሚቻልበት ምርጫ ቀርቷል፣ የሚሉት ሁሉ ይሄዳል። አባትሽ ሰው ናቸው፣ ንገሯቸው፣ ቢስማሙም ባይስማሙም። እኔ እንደምገምተው ልጃቸው ጠዋት ጠዋት እንደምታያቸው ሲሰሙ ደስ ነው የሚላቸው፣ ምናልባትም ‹ታዲያ ለምን ሰላም አልላትም ነበር› ይላሉ፣ ግን ምርጫው የሳቸው ይሁን።

ጊዜውን ደሞ አስተካክዪ። ቨርጂኒያ ከኛ በሰባት ሰዓት፣ በነሱ ክረምት በስምንት ወደኋላ ናት፣ አንቺ ሥራ ከመሄድሽ በፊት ብትደውዪ እሷ ገና ተኝታ ነው፣ በእንቅልፍ ልብ እርቅ የለም። ቅዳሜ ምሽት በኛ 12 ሰዓት ላይ ደውዪ፣ እዛ ረፋድ ነው፣ ሥራ ከሌላት ቤቷ ናት። ከአባትሽ ክፍል በር አጠገብ ሆነሽ ደውዪ። መጀመሪያ አንቺ ውጪ ላይ አናግሪያትና ስትረጋጉ ስልኩን ለሳቸው ስጫቸው፣ ሪሴቱን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ደረጃ በደረጃ የምታነብላችሁ እሷ ትሁን፣ ባልሽ ሽቦውን ይሰካ፣ ልጅሽ የስልኩን አፕ ትያዝ። ስትነሳ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም እንዳይቀድማቸው፣ ልጆቹን ዝም አሰኚልኝ፣ እሳቸው ይጠይቋት።